የጠራው ውሃ ዓሣን ስለ ምን ይገድላል?

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ፥ የሁምቦን ምድር ካለፈ በኋላ በስተ ግራው የአባያን ሐይቅ ያያል። ይህ ሐይቅ በስፋቱ በሀገራችን ከጣና ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። መልኩ ግን ሐይቅ ሲባል ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሰማያዊ አይደለም፤ ቀይ ነው። የብላቴ ወንዝና ሌሎችም ወንዞች ከደጋው እየጠረጉ የሚያመጡት ደቃቅ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖር፥ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ቢያነሡት ድፍርስነቱ ይታያል። በዚህም ውሃ ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ ይራባሉ፤ አጥማጁም አውጥቶ ለገበያ ያቀርባቸዋል።

አሁን ወደ ሶዶ ተመልሰን ወደ አንድ ቤት እንግባ። በእንግዳ መቀበያው ክፍል፥ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ አጠገብ፥ 60 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ተቀምጧል። ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ነው፤ ከሥሩ የተነጠፈው ጠጠር አንድ በአንድ ይቈጠራል። አምስት ትናንሽ ዓሦች ገብተውበታል፤ ልጆቹም ለእያንዳንዱ ስም አውጥተውለታል። በሳምንቱ አምስቱም ሞተው ይገኛሉ።

በቀዩ ሐይቅ የሚኖር ዓሣ በጠራው ገንዳ ስለ ምን ይሞታል? ሶዶ ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፥ ከነቤተሰባቸው ወደዚያ የተዛወሩ ሹማምንትና የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። ከእነርሱም ሆነ ከከተማው ነባር ነዋሪዎች መካከል፥ ለቤት ጌጥ፥ ለልጆችም ትምህርት ይሆናል ብለው የዓሣ ገንዳ ለማስገባት የሚያስቡ አይጠፉምና፥ ስለ ገንዳው ውሃ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ጥፋቱ በአብዛኛው የሚመጣው እንዲህ ነው። የቤቱ ጌታ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ፥ ዓሦቹን በላስቲክ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። እመቤቲቱም ገንዳው በሳሙና ታጥቦ ከቧንቧ እንዲሞላ ያዛሉ፤ ዓሦቹ በዚያው ቀን ይገባሉ። ሁለት ቀን በደኅና ይዋኛሉ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይሻሉ። እመቤቲቱ «ውሃው ቈሽሿል» ይላሉ፤ ገንዳው ይገለበጣል፤ ጠጠሩ በበረኪና ይታጠባል፤ የማጣሪያው ስፖንጅ በፈላ ውሃ ይቀቀላል፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይሞላል። በማግሥቱ ጧት ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሊያዩአቸው ሲቀርቡ፥ ዓሦቹ በጐናቸው ተንሳፍፈው ያገኙአቸዋል።

በዚህ ሁሉ እመቤቲቱ አልሰነፉም። ቤት የሚጠበቅበትን ልማድ፥ ይኸውም ማጠብንና መጥረግን፥ በትጋት ፈጸሙ። ልማዱ ግን ለሳሕንና ለምንጣፍ እንጂ ለዓሣ ገንዳ የተበጀ አልነበረም።

ዓሣ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ፥ ስንጥብ በሚባለው መተንፈሻው በኩል፥ ቀንና ሌሊት ከሰውነቱ ያስወጣል። ሳይበላ የቀረ ምግብና ኩሱም ሲበሰብሱ ያንኑ አሞኒያ ይሰጣሉ። አሞኒያ በውሃ ውስጥ መልክ የለውም፤ ስለዚህ እንደ ብርሌ የጠራ ውሃ ለመግደል የሚበቃ መርዝ ሊይዝ ይችላል። በሐይቅ ውስጥ ግን ለአንድ ዓሣ የሚደርሰው ውሃ እጅግ ብዙ ነው። ከዚህም በላይ በጭቃው፥ በድንጋዩና በሣሩ ላይ ለዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ሰፍረው አሞኒያውን ይመገቡታል። እነዚህም ባክቴሪያዎች ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ በዓሣው ደም ውስጥ ገብቶ ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው፥ ዓሣው በውሃ መካከል ሳለ ታፍኖ ይሞታል፤ ስንጥቡም ቡናማ ይሆናል። ሁለተኛዎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በብዛት ካልተከማቸ በቀር ዓሣን እምብዛም አይጐዳም፤ ለተክል ግን ምግብ ነው።

ይህን የሁለት ወገን ሥራ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ለይቶ ያስረዳው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ የሩሲያ ተወላጅ ሊቅ ሲሆን፥ ባክቴሪያዎቹን ያገኛቸው ከአፈር ነው። ብዙ ዘመን ቆይቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚፈጽም ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ፤ ከተገኘባቸውም ስፍራዎች አንዱ የዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነበር።

የወላይታ ገበሬ የእነዚህን ሊቃውንት ስም ባይሰማም ሥራቸውን ያውቀዋል። በቤቱ ዙሪያ እንሰትና ቡና የሚተከልበት የጓሮ መሬት ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ራቅ ያለው የእርሻ መሬት ግን ቀላና ሳሳ ያለ ነው። ጓሮውን ያጠቈረው በብዙ ዘመን ከበረት እየወጣ የተጨመረው ፍግ ነው። ፍጉ በተጣለበት ቀን ለእንሰቱ ምግብ አይሆንም፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሠርተው ሲለውጡት ነው ተክሉ የሚጠቀምበት። አዲስ የተቈፈረ መሬት በአንድ ሳምንት ጓሮ እንደማይሆን ሁሉ፥ አዲስ የተሞላ ገንዳም በአንድ ሳምንት የዓሣ ማደሪያ አይሆንም። አባያ ቀይ ቢሆንም ባለሙያዎቹ ሞልተውበታል። የሳሎኑ ገንዳ ግን ንጹሕ ቢሆንም ባዶ ቤት ነው፤ ጥቂት ባክቴሪያ መስፈር የጀመረበትንም ስፖንጅ ቀቅለን ጨረስነው።

(የአባያ ቅላት ራሱ ለዓሣ ይበጃል ማለታችን አይደለም። ደለሉ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ስለሚከለክል የዓሣው ምግብ ያንሳል፤ ጎረቤቱ ጫሞ በዓሣ ሀብት ይበልጠዋል። በሁምቦ 2,728 ሄክታር በሚሆን ተራራማ መሬት ላይ ደን እንዲያገግም የተደረገው ሥራ አፈሩን በስፍራው የሚያስቀር በመሆኑ፥ ከሰውም ሌላ ለሐይቁ ውለታ ነው።)

እንግዲህ ገንዳው ዓሣ ከመግባቱ በፊት መለማመድ አለበት። ጠጠሩ ያለ ሳሙና በውሃ ብቻ ይታጠባል፤ ገንዳው ይሞላል፤ ማጣሪያው ይነሣና ቀንና ሌሊት ይሠራል። በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበታል። ዓሣ በሌለበት ምግብ መጣል ሞኝነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ምግቡ በስብሶ አሞኒያ ሲሰጥ ባክቴሪያዎቹ በእርሱ ይራባሉ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የምርመራ ነው። ለዚሁ የተዘጋጀ የመመርመሪያ ፈሳሽ አለ፤ ጥቂት ጠብታ በገንዳው ውሃ ላይ ጨምረው የሚወጣውን ቀለም አብሮት ከሚመጣው ወረቀት ጋር ያስተያዩታል። በመጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፤ ቀጥሎ እርሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ወደ ዜሮ ይወርዳሉ፤ ናይትሬት ብቻ ይቀራል። ዓሣ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሁለት እየሆነ።

ይህ ሁሉ ውሃው ሞቅ ባለበት ስፍራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሶዶ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና፥ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወራት ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። ለማፋጠን ለሚሹ የምናውቀው የታመነ መንገድ አንድ ነው፤ ጤናማ ዓሣ ከሚኖርበት የቆየ ገንዳ ስፖንጅ ወይም ጥቂት ጠጠር ወስዶ፥ ሳይደርቅ፥ ወደ አዲሱ ማግባት ነው። እርሾ ከጎረቤት እንደ መዋስ ያለ ነገር ነው።

ዓሦቹ አስቀድመው ገብተው ከሆነስ? ያን ጊዜ መድኃኒቱ በየቀኑ ከውሃው ሩቡን ወይም ሲሶውን ማውጣትና በተዘጋጀ ውሃ መተካት፥ ምግብም ለጥቂት ቀን ማቆም ነው። ደኅና ዓሣ ለጥቂት ቀን ባይበላ አይሞትም፤ በአሞኒያ ግን ይሞታል። ምርመራው ናይትራይት ካሳየ፥ ለ10 ሊትር ውሃ 1 ግራም ያህል ንጹሕ ጨው አሟሙቶ መጨመር ይረዳል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ እንዳይገባ ይከላከላልና። ለአሞኒያ ግን ጨው አያገለግልም።

የአሞኒያው ክፋት ከውሃው ጠባይ ጋር ይለዋወጣል። የውሃ ኮምጣጣነት ፒኤች በሚባል ቍጥር ይለካል፤ 7 መካከለኛው ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፥ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ከአሞኒያው በመርዛማ መልኩ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ በ8 ግን ከመቶ አምስት ያህል፥ በ9 ከሲሶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለጌጥ ተብሎ የኖራ ድንጋይ ወይም የባሕር ዛጎል በገንዳው ውስጥ ማስቀመጥ ፒኤቹን ስለሚያወጣው አንወደውም። አንድን ውሃ ድንገት ለውጦ «ማስተካከል» ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ዓሣ መጠነኛ ጉድለትን ይለምዳል፥ ድንገተኛ ለውጥን ግን አይችልም።

አሁን ወደ ቧንቧው እንምጣ። የከተማ ውሃ ሰውን ከበሽታ እንዲጠብቅ ክሎሪን ይጨመርበታል። ለእኛ ጠባቂ የሆነው ይህ ነገር የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፤ እነዚያን የደከምንባቸውን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። በተለምዶ የሚጨመረው ክሎሪን ውሃው በሰፊ አፍ ባልዲ ወይም ገበታ አንድ ቀንና ሌሊት ተገልጦ ሲቆይ በአብዛኛው ተንኖ ይወጣል። አፉ በጠበበና በተከደነ ጀሪካን ግን እንዲህ አይወጣም። በየከተማችን ውሃ በሚቋረጥበት ቀን እንዲጠቅም በበርሜልና በጀሪካን ማስቀመጥ የተለመደ ነውና፥ ይህን ልብ ማለት ይገባል። ለዓሣው የሚሆነውም ባልዲ ለብቻው ይሁን፤ ሳሙና የነካው ዕቃ ምንም ቢለቀለቅ አናምነውም።

በክረምት ወራት የሚመጣው ውሃ ደፍርሶ ሲገኝ፥ የዚያ ሀገር ሰው ሽፈራው ወይም ሀሌኮ የሚባለውን ዛፍ ያስታውስ ይሆናል፤ የተፈጨው ዘሩ ድፍርስ ውሃን ወደ ታች አዝቅጦ እንደሚያጠራ የታወቀ ነው። ለዓሣ ውሃ ግን አንመክረውም፤ በውሃው ውስጥ የሚቀረው የዘሩ ርዝራዥ በስብሶ እንደገና አሞኒያ ይሆናል። ድፍርሱን ውሃ አንድ ቀን አዝልሎ፥ ከላይ ያለውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ መውሰድ ይበቃል። ደቃቅ አፈር ዓይንን ያስከፋል እንጂ፥ ጥቂቱ ዓሣን አይገድልም፤ አባያ ምስክር ነው።

ስለ አየር ደግሞ ጥቂት እንጨምር፤ ይህ ደጋ ለሚኖሩ ሁሉ የሚጠቅም ነው። በባሕር ጠረፍ 20 ዲግሪ የሚሞቅ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ በሶዶ ከፍታ ግን ያው ውሃ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ በውጭ ሀገር መጽሐፍ «ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» ተብሎ የተጻፈው በእኛ ደጋ ላይ ይበዛል። ለ60 ሊትር ገንዳ ጣት የማያክሉ ስድስት ወይም ሰባት ዓሦች ይበቃሉ እንላለን። አፉ የጠበበ ክብ ብርጭቆ ደግሞ ለሥዕል እንጂ ለዓሣ አይሆንም፤ ውሃው ከአየር ጋር የሚገናኝበት ገጽ ጠባብ ነውና።

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ የአየር መንፊያውም ማጣሪያውም ይቆማሉ። ያን ጊዜ ዓሦቹን አለመመገብ፥ በየጊዜውም ከገንዳው በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይገባል፤ ልጆች ይህን ሥራ በደስታ ይሠሩታል። ኃይሉ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ፥ የተከደነ ማጣሪያን ወዲያው ማስነሣት አደጋ አለው፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ሞተው ውሃው ሸትቶ ሊሆን ይችላልና። በመጀመሪያ ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ቀስ ብሎ ይለቅለቅ። በሌላም ጊዜ ስፖንጁ ሲደፈን የሚታጠበው እንዲሁ ነው፤ ከቧንቧ ሥር አይሆንም፥ በሳሙናም አይሆንም፥ በፈላ ውሃም ፈጽሞ አይሆንም።

በብዙ ቤት ዓሦቹ የሚጐዱት በረኀብ ሳይሆን በፍቅር ብዛት ነው። ጌታው ጧት ይመግባሉ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይመግባል፤ የቤት ሠራተኛዋም አዝናላቸው የእንጀራ ፍርፋሪ ትጥላለች፤ እንግዳም ቢመጣ እንዲያይ ተብሎ ይጨመራል። የተረፈው ሁሉ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። በቀን አንድ ጊዜ፥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ፥ ያውም ከአንድ ሰው እጅ ይሰጣቸው።

ገንዳው ከመስኮት ሥር ከተቀመጠ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ዓሣን እምብዛም አይጐዳም፤ ብርሃኑን መቀነስ ነው። ሕያው የውሃ ተክል መትከል ደግሞ መልካም ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ስለዚሁ በ1850 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ ሁለት የወርቅ ዓሦችን ከውሃ ተክል ጋር ቢያኖር የሞተው ቅጠል ውሃውን አበላሸበት፤ ቀንድ አውጣ ቢጨምር ግን ቀንድ አውጣው ብስባሹን እየበላ ውሃው ተስተካከለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ።

በለመደ ገንዳ ውስጥም ናይትሬት እየተከማቸ ይሄዳልና፥ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህል እየቀዱ በተዘጋጀ ውሃ መተካት ያስፈልጋል። የሚወጣውም ውሃ አይጣል። ጨውና መድኃኒት ካልገባበት በቀር፥ ለጓሮው ቡናና ለእንሰቱ ከቧንቧ ውሃ ይልቅ ይስማማዋል፤ ሳሎን ውስጥ የተሠራ ፈሳሽ ፍግ ነው።

ስለ ዓሣው ምርጫ ብዙ አንልም። የወርቅ ዓሣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ሲያድግ ግን ሰፊ ገንዳ ይሻል፤ ጉፒ የሚባለው ትንሹ ባለ ጅራት ደግሞ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። የአባያን ቆሮሶ ጫጩት አምጥተው ለማሳደግ የሚያስቡ፥ ያ ጫጩት ከክንድ የማያንስ ሊሆን እንደሚችል ይወቁት።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናለን። የቤቱ ጌታ ተዛውረው ገንዳው የሚፈርስ ቢሆን፥ ዓሣውንም ሆነ ተክሉን «ነጻ ይውጣ» ብሎ ወደ ብላቴ፥ ወደ ኦሞ ወይም ወደ አባያ መልቀቅ አይገባም። በዝዋይ ሐይቅ ከውጭ የገባው ካርፕ ከሀገሩ ዓሦች ጋር ይኖራል። ከደቡብ አሜሪካ በአበባው ውበት ምክንያት ወደ ብዙ ሀገር የተወሰደው እምቦጭም፥ በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ገበሬ በእጁ ሲነቅለው እንደ ኖረ ሁሉም ያውቃል። ገንዳ ላለው ሌላ ቤተሰብ መስጠት ይሻላል።

አምስቱ ዓሦች ወደ ሞቱበት ቤት እንመለስና፥ ገንዳው ወደ ዕቃ ቤት እንዳይገባ እንመክራለን። ዛሬውኑ አንድ ቀንና ሌሊት በቆየ ውሃ ይሞላ፤ ማጣሪያው ይነሣ፤ ቁንጥር ምግብ ይጣል። ለልጆቹም አንድ ደብተር ይሰጣቸው፤ ቀኑን፥ የውሃውን ሙቀት፥ አሞኒያውንና ናይትራይቱን በየሦስት ቀኑ እየመረመሩ ይጻፉበት። ሁለቱም ዓምዶች ለአንድ ሳምንት ዜሮ ከሆኑ፥ አባታቸው በሚቀጥለው መንገዳቸው ሁለት ዓሦች ይዘው ይምጡ። ስማቸውን ልጆቹ እስከዚያ ያስቡበት።